የማጀቢያ ሙዚቃ ፈቃድ

የማጀቢያ ሙዚቃ ፈቃድ ማለት የዩቲዩብ፣ የፖድካስት ወይም የቴሌግራም ዝግጅት አቅራቢ የሌላ ሰው የሆነን ሙዚቃ በንግግር ወይም በምስል ሥር ለማሰማት ከባለመብቱ የሚያገኘው ፈቃድ ነው። ፈቃዱ በክፍያ ወይም ያለ ክፍያ፣ በቀጥታ ውል ወይም ለሁሉም ሰው በተሰጠ ክፍት ፈቃድ ሊገኝ ይችላል። ሙዚቃን በነፃ ማውረድ መቻልና ለመጠቀም ፈቃድ ማግኘት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በስልክ ካሜራና ያለ በጀት የሚሠሩ ጀማሪ አዘጋጆችን ብዙ ጊዜ ችግር ላይ የሚጥላቸው ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

== ድርሰትና ቅጂ ==

በአንድ የተቀዳ ዘፈን ውስጥ ቢያንስ ሁለት መብቶች አሉ። አንደኛው የድርሰቱ ሲሆን ግጥሙንና ዜማውን የፈጠሩት ሰዎች (በኢትዮጵያ ሕግ አጠራር የሥራ አመንጪዎች) መብት ነው። ሁለተኛው የቅጂው ሲሆን የተጫወቱት ከዋኞችና ቀረጻውን ያሠራው ፕሮዲውሰር መብት ነው። በአልበም ሽፋን ላይ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር»፣ «ፕሮዲውሰር» እየተባሉ ተለይተው የሚጻፉት ስሞች ይህንኑ ክፍፍል ያሳያሉ። ብዙ ጊዜም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ድምፃዊው «ተጠቀምበት፣ ችግር የለም» ብሎ በቴሌግራም ቢመልስ እንኳ የዜማ ደራሲውና የአሳታሚው ፈቃድ አብሮ ተገኘ ማለት አይደለም።

በፊልም ሥራ ድርሰቱን ከምስል ጋር ለማጣመር የሚሰጠው ፈቃድ «ሲንክ»፣ ለቅጂው የሚሰጠው ደግሞ «ማስተር» ይባላል። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ለማጀቢያነት ከዋለባቸው ሥራዎች በጣም የታወቀው የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» (እ.ኤ.አ. 2005) ሲሆን በውስጡ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ይሰማሉ። በባህር ዳር በአንድ ክፍል ውስጥ የሚቀዳ የአሥር ደቂቃ ቪዲዮም፣ መጠኑ ቢያንስም፣ የሚያስፈልጉት ፈቃዶች እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ቅኝት ግን የማንም ንብረት አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የድምፅ አደራደር ሥርዓቶች ስለሆኑ ማንም ሰው በእነርሱ አዲስ ዜማ ሊሠራ ይችላል። ደራሲያቸው የማይታወቅ የቆዩ የሕዝብ ዜማዎችም ፈቃድ የሚጠየቅበት ግለሰብ ባለቤት የላቸውም። ይሁን እንጂ አንድ የታወቀ የክራር ተጫዋች በባቲ ቅኝት ያስቀዳው ሥራ የራሱ ከዋኝና ፕሮዲውሰር አለው። «ባህላዊ ስለሆነ ነፃ ነው» የሚለው የተለመደ አባባል ስለ ዜማው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ቅጂው ግን ስህተት ነው።

== የኢትዮጵያ ሕግ ==

ቀደም ሲል ጉዳዩ የሚዳኘው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። አሁን በሥራ ላይ ያለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ማሻሻያው የሙያተኞች የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ክፍያ እንዲሰበስቡ መንገድ ከፍቷል።

በአዋጁ መሠረት የሥራ አመንጪው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የከዋኞችና የድምፅ ፕሮዲውሰሮች መብትም 50 ዓመት ይቆያል። ጥበቃውን ለማግኘት ሥራውን ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። በመሆኑም «የመብት ምልክት የለበትም» ወይም «ያልተመዘገበ ነው» የሚለው ክርክር አያስኬድም። ሆን ብሎ መብትን መጣስ ከካሳ በተጨማሪ በእስራት ሊያስቀጣ ይችላል።

አዋጁ ለግል አገልግሎት ቅጂ ማዘጋጀትን፣ ጥቅስ መውሰድንና ለማስተማሪያነት መጠቀምን በገደብ ይፈቅዳል። ለሕዝብ የሚሰራጭ ዝግጅትን በሙዚቃ ማስዋብ ግን ከእነዚህ ውስጥ አይገባም። በአዘጋጆች ዘንድ በሰፊው የሚነገሩት ሁለት «ሕጎች»፣ ማለትም ከ10 ወይም ከ30 ሰከንድ በታች ነፃ ነው የሚለውና «መብቱ የባለቤቱ ነው» ብሎ መጻፍ ይበቃል የሚለው፣ በአዋጁ ውስጥ የሉም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1886 ከተፈረመው የበርን ስምምነት ውጭ ለረጅም ጊዜ ቆይታለች። በዚህ የተነሳ የውጭ ሥራዎች በአገር ውስጥ ያላቸው ጥበቃ የሕግ ባለሙያዎችን ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩ ለጀማሪ አዘጋጅ የሚሰጠው እፎይታ ግን የለም። ቪዲዮው የሚቀመጠው በውጭ ኩባንያ ሰርቨር ላይ ነው፤ ቻናሉ የሚዳኘውም አዘጋጁ አካውንቱን ሲከፍት በተቀበለው ውል ነው።

== የዩቲዩብ ማሽን እንዴት ያውቃል? ==

ዩቲዩብ «ኮንቴንት አይዲ» የተባለውን መለያ ሥርዓቱን እ.ኤ.አ. በ2007 ጀመረ። ባለመብቶች የሥራዎቻቸውን ፋይል ያስገባሉ፤ ሥርዓቱም ከእያንዳንዱ ፋይል «የድምፅ አሻራ» ያወጣል። ኩባንያው የአሠራሩን ዝርዝር ይፋ ባያደርግም የድምፅ አሻራ ቴክኒክ በጥቅሉ የታወቀ ነው። ድምፁ እጅግ አጫጭር ወደሆኑ ቁርጥራጮች ይከፈላል። በየቁርጥራጩ ጎልተው የሚሰሙት ድግግሞሾች ይለያሉ። በእነዚህ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀትና ቅደም ተከተል ወደ ቁጥር ተቀይሮ በዳታቤዝ ይቀመጣል። አዲስ ቪዲዮ ሲጫን ያው ሥራ ተደግሞ ቁጥሮቹ ይነጻጸራሉ። አሻራው የሚወሰደው ከጎላ ድምፅ ስለሆነ ሰው በላዩ ላይ ቢናገርበትም ሙዚቃው ሊታወቅ ይችላል። ፍጥነቱን ጥቂት መጨመር፣ ቃናውን ማውረድ ወይም ድምፁን መቀነስ አስተማማኝ ማምለጫ አይደለም። ቢያመልጥም ያለ ፈቃድ መጠቀሙን አይለውጠውም።

ማሽኑ ድምፅ ያመሳስላል እንጂ ውል አያነብም። ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። ሙሉ ፈቃድ ያለው ሰው የይገባኛል ጥያቄ ሊደርሰው ይችላል፤ ምንም ፈቃድ የሌለው ደግሞ ለዓመታት ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። የማሽኑ ዝምታ ፈቃድ አይደለም። አንድ አሳታሚ የድሮ ካታሎጉን ዘግይቶ ሲያስገባ ከብዙ ጊዜ በፊት የተጫኑ ቪዲዮዎችም አብረው ይያዛሉ።

የይገባኛል ጥያቄና «ስትራይክ» የተለያዩ ናቸው። በመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ቪዲዮው በቦታው ሆኖ የማስታወቂያ ገቢው ወደ ጠያቂው ይሄዳል፤ አንዳንዴም በተወሰኑ አገሮች ይታገዳል። አዘጋጁ ከተቃወመ ጠያቂው መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። ስትራይክ ግን ባለመብቱ በሕግ አግባብ ቪዲዮው እንዲነሳ ሲጠይቅ የሚመጣ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ የደረሰበት ቻናል ሊዘጋ ይችላል። ሁለት ዓመት የተለፋበት ዝግጅት በመግቢያ ሙዚቃ ምክንያት ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

አዘጋጁ ሳያስበው የሚገባ ሙዚቃም አለ። ካፌ ውስጥ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ፣ ባጃጅ ላይ የተቀረጸ የከተማ ጉብኝት ወይም የሠርግ ምስል በስፒከር የሚሰማውን ዘፈን ይዞ ይመጣል። ጸጥ ያለ ቦታ መምረጥ ቀላሉ መፍትሔ ነው። ቲክቶክ ውስጥ ካለው የሙዚቃ ዝርዝር የተመረጠ ዘፈንም ለዚያው መተግበሪያ የተፈቀደ ስለሆነ ያንኑ ቪዲዮ አውርዶ ዩቲዩብ ላይ መጫን ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል።

== ክሪኤቲቭ ኮመንስ ==

ክሪኤቲቭ ኮመንስ እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመ ድርጅት ሲሆን የመጀመሪያ ፈቃዶቹን በ2002 አወጣ። የሥራ ባለቤቶች መብታቸውን ሳይተዉ አስቀድመው ለሁሉም ሰው ፈቃድ የሚሰጡበት መንገድ ነው። «ባይ» የሚለው ምልክት ያለበት ሥራ የባለቤቱን ስም በመጥቀስ ብቻ ለገቢ ማግኛም ጭምር ሊውል ይችላል። «ሲሲ ዜሮ» የሚባለው ደግሞ ይህንንም አይጠይቅም።

ችግር ያለባቸው ሌሎቹ ናቸው። «ኖን ኮሜርሻል» ለንግድ መጠቀምን ይከለክላል። ማስታወቂያ የሚታይበት ወይም ስፖንሰር ያለው ዝግጅት ከዚህ ውስጥ ስለመግባቱ መከራከር ስለሚቻል፣ ቻናሉ ወደፊት ገቢ እንዲያመጣ የሚፈልግ ሰው ቢተወው ይሻላል። «ሼር አላይክ» የተገኘው ሥራ በተመሳሳይ ፈቃድ እንዲወጣ ያስገድዳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን «ኖ ደሪቫቲቭስ» ነው፤ ትርጉሙ «አትለውጥ» ነው። አዘጋጁ «ሙዚቃውን አልቆረጥኩትም፣ እንዳለ ነው ያሰማሁት» ሊል ይችላል። የፈቃዱ 4.0 ቅጂ (እ.ኤ.አ. 2013) ግን ሙዚቃን ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር በጊዜ ማጣመር ምንጊዜም አዲስ ውላጅ ሥራ እንደሚፈጥር በግልጽ ይደነግጋል። ስለዚህ «ኖ ደሪቫቲቭስ» ያለበት ሙዚቃ፣ አንድም ሰከንድ ሳይነካ ቢቀመጥ እንኳ፣ የቪዲዮ ማጀቢያ ሊሆን አይችልም። በ«ሼር አላይክ» የወጣ ሙዚቃም በተመሳሳይ ምክንያት ቪዲዮው ራሱ በዚያው ፈቃድ እንዲወጣ ያስገድዳል።

ስም አጠቃቀሱም ሥርዓት አለው። የሥራው ርዕስ፣ የሙዚቀኛው ስም፣ የተገኘበት ገጽና የፈቃዱ ዓይነት ከነቁጥሩ በቪዲዮው መግለጫ ውስጥ ይጻፋሉ። ምስል በሌለው ፖድካስት በክፍሉ መግለጫ ማስፈር፣ ከተቻለም በመጨረሻ በቃል መናገር የተለመደ ነው።

== ነፃና ተከፋይ ምንጮች ==

ለጀማሪ በጣም ቅርቡ እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተው የዩቲዩብ የድምፅ ቤተ መጻሕፍት ነው። ስም መጥቀስ የሚያስፈልጋቸውና የማያስፈልጋቸው ሥራዎች በውስጡ ተለይተው ይገኛሉ። አሜሪካዊው ኬቨን ማክላውድ በ«ኢንኮምፔቴክ» ገጹ ብዙ ሥራዎቹን በ«ባይ» ፈቃድ ያቀርባል፤ ጉዳቱ በዓለም ዙሪያ ከመደጋገማቸው የተነሳ አድማጭ ወዲያው የሚለያቸው መሆኑ ነው። ፍሪ ሚውዚክ አርካይቭ (እ.ኤ.አ. 2009) እና ሲሲሚክስተር የተለያዩ ፈቃዶችን ስለሚይዙ እያንዳንዱን ሥራ ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። ፍሪሳውንድ ከሙዚቃ ይልቅ ለዝናብ፣ ለገበያ ጫጫታና ለመሳሰሉት ድምፆች ይጠቅማል። ከፒክሳቤይ የሚወርድ ሙዚቃ ስም መጥቀስ አይጠይቅም፤ ሆኖም አንዳንዶቹ ሥራዎች በኮንቴንት አይዲ የተመዘገቡ ስለሆኑ የይገባኛል ጥያቄ ሊያመጡ ይችላሉ።

እንደ አውታርና ሰዋስው ባሉ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎች ዘፈን መግዛት ወይም መመዝገብ ለማዳመጥ እንጂ ለማጀቢያነት መብት አይሰጥም። በሲዲና በካሴት ዘመንም እንዲሁ ነበር።

እንደ ኤፒደሚክ ሳውንድና አርትሊስት ያሉት የውጭ ድርጅቶች በወርሃዊ ወይም ዓመታዊ ክፍያ ሰፊ ስብስብ ይሰጣሉ። በኢትዮጵያ ላለ ሰው ትልቁ እንቅፋት የክፍያው መንገድ ነው፤ ዶላር የሚቀበል ካርድ ማግኘት ቀላል አይደለም። ዋጋውም ቢሆን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከፍ ብሏል። ከዚያ ቀን በፊት 570 ብር ገደማ የነበረ የ10 ዶላር ክፍያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ1,000 ብር አለፈ። ክፍያው ሲቋረጥ በፊት የወጡት ቪዲዮዎች እንደተፈቀዱ መቀጠል አለመቀጠላቸው በእያንዳንዱ ድርጅት ውል ስለሚወሰን ከመክፈል በፊት ያንን አንቀጽ ማንበብ ይገባል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመነጭ ሙዚቃ የቅርብ ጊዜ አማራጭ ነው። ሱኖና ዩዲዮ የተባሉት አገልግሎቶች እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ተከሰዋል። በሱኖ ያለ ክፍያ የሚሠራ ሙዚቃም ለንግድ እንዲውል አይፈቀድም።

== የድሮ ሸክላዎች ==

ጊዜው ያለፈበት ቅጂ መጠቀም ነፃ ነው፤ አስቸጋሪው ጊዜው ማለፉን ማስላት ነው። ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 አካባቢ በርሊን ያስቀዳቸው ሸክላዎች ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የሙዚቃ ቅጂዎች ናቸው። በአሜሪካ ሕግ ከ1923 በፊት የወጡ የድምፅ ቅጂዎች በሙሉ ከጥር 1 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነፃ ሆነዋል። ያም ሆኖ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበም ቁጥር 27 ላይ እንደገና ከወጣው ዲስክ መገልበጥና ከጥንቱ ሸክላ መቅዳት አንድ ላይሆን ይችላል፤ የዲስኩ አሳታሚ ባጸዳው ድምፅ ላይ መብት ሊጠይቅ ይችላል።

በ1960ዎቹ (ዓ.ም.) አምሃ እሸቴ እና ሌሎች ያሳተሟቸው ሸክላዎች ከዚህ ይለያሉ። በኢትዮጵያ አዋጅ የ50 ዓመቱ የቅጂ መብት በአንዳንዶቹ ላይ ማብቃት ቢጀምርም፣ የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹ በሕይወት ካሉ ወይም ከሞቱ 50 ዓመት ካልሞላ ድርሰቱ አሁንም የተጠበቀ ነው። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ እስከ የካቲት አጋማሽ 1972 የወጡ ቅጂዎች እስከ 2067 ይጠበቃሉ። «የድሮ ዘፈን» መሆኑ ብቻውን መልስ አይሆንም።

== ከሙዚቀኛ ጋር በቀጥታ መዋዋል፦ በጣና ዳር ==

በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ እምብዛም የማይነሳ፣ ለባህር ዳርና ለአካባቢው ግን ከሁሉም የሚቀርበው መንገድ ሙዚቀኛ ማስቀዳት ነው። ለምሳሌ በደቡብ ጎንደር ዞን የደራ ወረዳ ከተማ በሆነችው በአንበሳሜ የሚኖር ተማሪ ስለ ጣና ሐይቅ እምቦጭ ወይም ስለ ዓሣ አጥማጆች ተከታታይ ዝግጅት ይሠራል እንበል። የሚያስፈልገው የ20 ሰከንድ መግቢያ፣ በንግግር ሥር የሚሄድ የሁለት ደቂቃ ለስላሳ ሙዚቃና መዝጊያ ነው። ይህን ሁሉ አንድ የማሲንቆ ወይም የዋሽንት ተጫዋች በአንድ ከሰዓት ሊያስቀዳው ይችላል። ክፍያው በብር፣ በእጅ ወይም በቴሌብር ይፈጸማል። ድምፁም ከሚታየው አገር ጋር ይገጥማል፤ ስለ ጣና ታንኳ በሚያወራ ቪዲዮ ሥር የባዕድ ጊታር ከማስገባት ይሻላል።

የሕጉ ስሌትም ቀላል ይሆናል። ተጫዋቹ ደራሲው የማይታወቅ የሕዝብ ዜማ ወይም የራሱን ፈጠራ ከተጫወተ፣ የድርሰትም የከዋኝነትም ፈቃድ ከአንድ ሰው ይገኛል። ቀረጻውን ያሠራው አዘጋጁ ራሱ ነው። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ አዝማሪ ብዙ ጊዜ በሠርግ የሚጠየቀውን የታወቀ ዘፈን ዜማ ከሕዝብ ዜማ ጋር እያዋሃደ ይጫወታል። ዜማው ከየት እንደመጣ ከቀረጻው በፊት መጠየቅ፣ የታወቀ ድምፃዊ ዘፈን ከሆነም ሌላ እንዲጫወት መለመን ተገቢ ነው። ግጥም ያለበት ከሆነ ቅጽበታዊው ግጥም የአዝማሪው ድርሰት ነው፤ ለማጀቢያ ግን ቃል የሌለበት ይመረጣል፣ ግጥሙ ከተናጋሪው ጋር ስለሚሻማ።

አዋጁ የኢኮኖሚ መብት ማስተላለፍም ሆነ ፈቃድ መስጠት በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 ደግሞ በጽሑፍ እንዲሆን የሚጠየቅ ውል በተዋዋዮቹ መፈረምና በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀትና ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ወረቀቱ እንዲህ ያለ ነገር ሊል ይችላል፦ «ዛሬ ያስቀዳሁትን ሦስት የማሲንቆ ሙዚቃ ተዋዋዩ በዚህ ዝግጅት ውስጥ በዩቲዩብ፣ በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በፖድካስት፣ ገቢ ቢያስገኝም ባያስገኝም፣ ያለ ጊዜ ገደብ እንዲጠቀምበት ፈቅጃለሁ። ለዚህም ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ። ስሜ በእያንዳንዱ ክፍል ይጠቀሳል። ሙዚቃውን ለሌላ ሰው የማስቀዳትና የመሸጥ መብቴ እንደተጠበቀ ነው።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የተጨመረው ለሙዚቀኛው ጥቅም ነው። አዘጋጁ ሁሉንም መብት መግዛት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የመጠቀም ፈቃድ ነው። ማንበብ ለማይችል ሙዚቀኛ ውሉ በምስክሮቹ ፊት ጮክ ተብሎ ሊነበብለት ይገባል። ካሴትና ሲዲ በየመንገዱ ሲባዛ ከገቢው ምንም ያልደረሳቸው ከዋኞች ብዙ ስለሆኑ፣ ያላነበቡትን ወረቀት ለመፈረም ቢያመነቱ አያስገርምም።

ለቀረጻው ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ክፍል፣ በልብስ ላይ የሚሰካ ርካሽ ማይክሮፎንና ድምፅን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ የስልክ መተግበሪያ ለጀማሪ በቂ ነው። ማሲንቆ በአንድ ገመድ የሚጮህ መሣሪያ ስለሆነ ድምፁ ከሰው ድምፅ ጋር በተመሳሳይ ክልል ይወድቃል፤ በንግግር ሥር ሲገባ በጣም ዝቅ ማድረግ ወይም ክራር መምረጥ ይቻላል። ያልተቆረጠው ዋና ፋይል ከነቀኑ፣ የተፈረመው ወረቀት ፎቶግራፍና የክፍያው ደረሰኝ በአንድ ፎልደር ይቀመጣሉ። የይገባኛል ጥያቄ ሲመጣ መቃወሚያው ላይ የሚጻፈው ከእነዚህ ነው።

በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመርም ይመከራል፦ ከሁለቱ ወገኖች ማንኛቸውም ቅጂውን ያለ ሌላኛው ስምምነት በኮንቴንት አይዲ እንዳያስመዘግቡ። ይህ ካልተጻፈ ሙዚቀኛው ኋላ ላይ ሥራውን ለአንድ አከፋፋይ ቢሰጥ፣ አከፋፋዩ የሚያስገባው ፋይል የአንበሳሜውን ተማሪ ቪዲዮዎች በሙሉ ሊይዝበት ይችላል።